ሩጫ የሌለበት ‹ረን›

እንግሊዝኛ መማር የጀመረ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ከሚሸመድዳቸው ቃላት አንዱ ‹ረን› ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፣ ከጎኑ ‹ሮጠ› ይላል፣ ነገሩ ያልቃል። ቃሉ ግን አያልቅም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጧት ተነስቶ ማታ እስኪተኛ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሚጠራው፣ ከዚያም ውስጥ እግር የሚያስፈልገው ምን ያህል ጥቂቱ እንደሆነ ያስተዋለ ሰው፣ ‹ለመሆኑ የቃል ፍች የሚኖረው የት ነው?› ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውን ሁለት ሰዎች ይዘው እንዲከራከሩልኝ አድርጌያለሁ፤ አንዷ ተርጓሚ ናት፣ ሌላው እንግሊዝኛ በማስተማር ዕድሜያቸውን ያሳለፉ መምህር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተርጓሚዋ፦ ጋሼ፣ ባለሦስት ፊደል ቃል ናት ያስቸገረችኝ። ስለ ባንኮች መውደቅ የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ‹ረን› አራት ጊዜ ትመጣለች። መጀመሪያ የባንኩ ኃላፊ ባንኩን ‹ረን› ያደርጋል። ቀጥሎ ባንኩ ላይ ‹ረን› ይነሳል፤ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ለማውጣት ጎርፈዋል ማለቱ ነው። ወረድ ሲል ባንኩ ጥሬ ገንዘብ ‹ረን አውት› አደረገ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ‹ረን› ሲያደርግ ያድራል። እኔ በረቂቄ ላይ መራ፣ ጎረፈ፣ አለቀ፣ ሠራ ብዬ ጻፍኩ። አራት ቃል ነው፤ አንዱም ‹ሮጠ› አይደለም። ይህ በእውነት አንድ ቃል ነው ወይስ አንድ ልብስ የለበሱ ብዙ ቃላት?

መምህሩ፦ በዚህ ቃል ላይ ሰው የሚደነግጠው ቁጥሩን ሲሰማ ስለሆነ ከቁጥሩ ልጀምርልሽ። ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ ከሁሉም በላይ ፍች የበዛበት ቃል ‹ሰት› ነው ሲባል ኖሯል። በ1989 በወጣው ሁለተኛው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግሱ ብቻ ከ430 በላይ ፍች ተዘርዝሮለታል፤ ማብራሪያው 60,000 ቃል ያህል ፈጅቷል። ለሦስተኛው እትም ሥራው ሲቀጥል ግን ‹ረን› ቀደመው። ፒተር ጊሊቨር የተባለው አዘጋጅ በዚህ አንድ ግስ ላይ ዘጠኝ ወር ተቀምጦ 645 ፍች ለይቶ ወጣ። ይህን የሰማ ተማሪ ‹ታዲያ ማን ሊዘልቀው ነው?› ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ሌላ ቁጥርም አለ። በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተሰናዳው ዎርድኔት የተባለው የቃላት ቋት ለዚያው ግስ የቆጠረለት ፍች 41 ነው። 645ን እና 41ን ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ከሁለቱ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ሰው ሲሮጥና ፈረስ ሲሮጥ አንድ ፍች ነው ወይስ ሁለት? ወንዝ ሲፈስና ከቧንቧ ውኃ ሲወርድስ? ቃሉ ራሱ ‹እዚህ ጋ ቁረጡኝ› አይልም፤ የሚቆርጠው አዘጋጁ ነው። አንዱ በወንፊት ነፋው፣ ሌላው በሰፌድ አንገዋለለው። ስለዚህ ‹ረን› 645 ፍች ተሸክሞ ይዞራል ብለሽ አታስቢ። ቃሉ ለብቻው ሲቆም የያዘው በጣም ጥቂት ነው፤ የቀረውን የሚያዋጡለት አጠገቡ ያሉት ናቸው።

ተርጓሚዋ፦ ጥቂት ያሉት ምንድን ነው ታዲያ? ሩጫው ነው? ከእግር ተነስቶ በምሳሌያዊ አነጋገር ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ ነው የሚሉኝ?

መምህሩ፦ ብዙዎች እንደዚያ ይገምታሉ፣ እኔ ግን አልቀበለውም። የቃሉን የሥጋ ዘመድ በጀርመንኛ ብትፈልጊ ‹ሪነን› የሚል ታገኛለሽ፤ ፍቹም መፍሰስ፣ መንጠባጠብ ነው። መፍሰሱ ከመሮጡ ያላነሰ ጥንታዊ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዝ ‹ወንዙ ረን ያደርጋል› ሲል ወንዙን እግር እያበጀለት አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ከሥር ያለው ነገር ይህ ነው፦ አንዴ የተነሳ ነገር በተዘረጋለት መስመር ሳይቋረጥ መቀጠሉ። ወንዝ በሸለቆው፣ ሯጭ በመንገዱ፣ ሞተር በዙሩ፣ ውል በዘመኑ፣ ቲያትር በመድረኩ። ይህን ይዘሽ ቃሉ ከማን ጋር እንደመጣ እይ። ሹራብ ታጥቦ ቀለሙ ‹ረን› ካደረገ በአማርኛ ለቀቀ ነው። ስቶኪንግ ‹ረን› ካወጣ ተተረተረ ነው። መንገድ ወደ ሰሜን ‹ረን› ካደረገ ይዘልቃል፤ ውል እስከ ሰኔ ‹ረን› ካደረገ ይጸናል፤ ጋዜጣ ዜናውን ‹ረን› ካደረገው አወጣው፤ መኪና ሰው ላይ ‹ረን ኦቨር› ካደረገ ገጨው ወይም ዳጠው። አየሽ? ቀለም ሲሆን ‹ለቀቀ›፣ ስቶኪንግ ሲሆን ‹ተተረተረ› የምትይው ‹ረን›ን አፍጥጠሽ አይተሽ አይደለም። ጎረቤቱን አይተሽ ነው። ያንን የምታደርጊውም ማንም ሳያስተምርሽ ነው።

ተርጓሚዋ፦ እዚህ ጋ ልያዝዎት። ‹አንዴ ተነስቶ መቀጠል› የሚለው እጅግ ሰፊ ነው፤ ከዓለም ነገር የማይገባበት የቱ ነው? ዝናብም አንዴ ከተነሳ ይቀጥላል፣ እንግሊዝኛ ግን ዝናቡ ‹ረን› ያደርጋል አይልም። ከዚህ የባሰም አለ። አሜሪካዊ ለምርጫ ሲቀርብ ‹ረን› ያደርጋል፤ እንግሊዛዊ ለዚያው ምርጫ ሲቀርብ ‹ስታንድ› ያደርጋል፣ ይቆማል። አንዱ ሮጠ፣ አንዱ ቆመ፤ በእኛ ሁለቱም ተወዳደሩ። እርስዎ የሚሉት ፍሬ ሐሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ አንድን ነገር በሁለት ተቃራኒ ቃላት መጥራት እንዴት ይቻላል?

መምህሩ፦ ትክክል ነሽ፣ ያነሳሽው ነጥብ ሐሳቤን እንዳጠብበው ያስገድደኛል። ፍሬ ሐሳቡ ያለፈውን ያስረዳል እንጂ የሚመጣውን አይተነብይም። ‹ረን› ከምርጫ ጋር ለምን እንደተጣመረ ከነገሩሽ በኋላ ‹እሺ፣ ውድድር ነው፣ ዘመቻውም እስከ ድምፅ መስጫው ቀን ይቀጥላል› ብለሽ ትቀበያለሽ፤ ሳይነግሩሽ ግን አትደርሺበትም። ለንደን ያለው ሰው ዓይኑን የጣለው ዕጩው ሕዝብ ፊት መቆሙ ላይ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ዘመቻው ላይ። ሁለቱም ነገሩ ውስጥ አሉ፤ የቱ እንደሚመረጥ የወሰነው ልማድ ነው። ዝናብም የልማዱ አጥር አላስገባውም፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከዚህ የምወስደው ግን አንቺ ከምትፈሪው ተቃራኒ ነው። ልማድ ከወሰነ፣ ቃሉን ነጥሎ መያዝ ጨርሶ አይበጅም ማለት ነው። ‹ረን› ከ‹ምርጫ› ጋር፣ ‹ረን› ከ‹ውል› ጋር ተጣምሮ እንደ አንድ ነገር መያዝ አለበት። ፈርዝ የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ በ1950ዎቹ ቃልን በባልንጀሮቹ ነው የምናውቀው ብሎ ያስተምር ነበር። እኛም ስለ ሰው ባልንጀራህን ንገረኝና ማንነትህን ልንገርህ እንላለን።

ተርጓሚዋ፦ እሺ። ግን ይህ የእንግሊዝኛ ድህነት አይደለም? አማርኛ ለቀለሙ ለቀቀ፣ ለስቶኪንጉ ተተረተረ፣ ለውሉ ጸና ብሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ሰጥቶታል። እንግሊዝኛ ግን አንዲቷን አህያ ሁሉን ያሸክማታል። ከውጭ ሲታይ የቃል እጥረት ይመስላል።

መምህሩ፦ አይ ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ፍርድ ቶሎ አንስጥ። እንግሊዝኛ የቃል እጥረት ካለባቸው ቋንቋዎች የሚቆጠር አይደለም፤ ከላቲኑም ከፈረንሳይኛውም ሰብስቦ ጎተራውን ሞልቷል። አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ በ1940ዎቹ ያሳየው ነገር አለ፦ ቃል ሰዎች አዘውትረው በተጠቀሙበት መጠን ፍቹ እየበዛ ይሄዳል። አፍ የለመደው ቃል ለአዲስ ነገር ቶሎ ይታዘዛል። ይህም በሁሉም ቋንቋ ያለ ነገር ነው። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ ‹በላ›ን ሲያገኝ ምን እንደሚሆን እስቲ አስቢው። ሰውዬው ምሳ በላ። ሹሙ ጉቦ በላ። መኪናው ነዳጅ ይበላል። ብረቱን ዝገት በላው። ተበዳሪው የሰው ገንዘብ በላ። ምስክሩ መሐላ በላ። ይህን ሁሉ እንደምንም ታግሎ ሲያበቃ አንዱ መጥቶ ‹ጀርባዬን ይበላኛል› ይለዋል። በዪው ማን ነው? አማርኛ ተናጋሪ ይህን ጠይቆ አያውቅም፤ ‹ጀርባ› እና ‹ይበላኛል› ተጣምረው ማሳከክን ይሰጡታል፣ በቃ። ከእነዚህ ዝገቱን እንግሊዝኛም ‹ይበላል› ስለሚል ተማሪው በቀላሉ ያገኘዋል። ጉቦ ግን በእንግሊዝኛ ይወሰዳል እንጂ አይበላም፤ ለዚህ ልማዱን ከማወቅ በቀር መንገድ የለውም። ‹በላ› አማርኛን ድሃ አላደረገውም፣ ‹ረን›ም እንግሊዝኛን አላደኸየውም።

ተርጓሚዋ፦ እዚህ ላይ ረታኸኝ ልበል፤ ይቅርታ፣ ረቱኝ። ግን ጋሼ፣ ይህ ሁሉ የክፍል ውስጥ ነገር ሆኖ ይታየኛል። አንባቢዬ ከጽሑፉ ዙሪያ ገባውን ይረዳል። ቃሉ ተሳስቶ ቢተረጎም የሚጎዳው ሰው ማን ነው?

መምህሩ፦ የሚጎዳስ አለ። አሜሪካ ሐኪም ቤት ውስጥ ለእናት የሚያስተረጉም ሀበሻ አስቢ። ልጁ አፍንጫው ‹ረን› ያደርጋል፣ ትኩሳት ‹ረን› ያደርጋል፣ ‹ዘ ረንስ›ም ይዞታል ቢባል፣ የመጀመሪያው ንፍጥ ነው፣ ሁለተኛው ትኩሳት አለው ማለት ነው፣ ሦስተኛው ተቅማጥ ነው። ሦስተኛውን የሳተ አስተርጓሚ ልጁ ውኃ ከሰውነቱ እየወጣ መሆኑን ሳይናገር ሊቀር ነው። ፍርድ ቤት ግቢ ደግሞ። ከ‹ረን› ትንሽ ልውጣና ‹ዩዝ› የሚለውን፣ ‹ተጠቀመ›ን ልውሰድልሽ፤ እሱም እንደዚያው ተራ ቃል ነው። የአሜሪካ ሕግ ከአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ጋር በተያያዘ የጦር መሣሪያ ‹የተጠቀመ ወይም የያዘ› ሰው ተጨማሪ እስራት ይጠብቀዋል ይል ነበር። አንድ ሰው አውቶማቲክ መሣሪያውን በኮኬይን ሊለውጥ ከተደራደረ በኋላ ተያዘ፤ ገዢ የመሰለው ፖሊስ ነበር። መሣሪያውን አልተኮሰም፣ አላስፈራራበትም። ታዲያ ተጠቅሞበታል? መሣሪያው አውቶማቲክ ስለነበር መልሱ ‹አዎ› ከሆነ የ30 ዓመት እስራት ያስከትል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 ስድስት ለሦስት ተከፍሎ ‹አዎ፣ ተጠቅሞበታል› አለ። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የአብላጫውን ሐሳብ ሲጽፉ መዝገበ ቃላት ገልጠዋል፤ መሣሪያን ለመገበያያ ማዋልም መጠቀም ነው። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ግን በተቃውሞ ጻፉ፦ ሰው ‹ከዘራ ትጠቀማለህ?› ብሎ ሲጠይቅ የአያትህን ከዘራ ቤትህ ውስጥ ለዕይታ አስቀምጠህ እንደሆነ መጠየቁ አይደለም፤ ተመርኩዘህ ትሄዳለህ ወይ ማለቱ ነው። ‹ተጠቀመ› ከ‹ከዘራ› ጋር ሲሆን መመርኮዝ ነው፣ ከ‹መሣሪያ› ጋር ሲሆን እንደ መሣሪያ ማዋል ነው። የእኔ ልብ ከስካሊያ ጋር ነው። መዝገበ ቃላቱ ‹ዩዝ› ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ይነግርሻል፤ እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሆነውን አይነግርሽም። ሰው 30 ዓመት የሚታሰረው ደግሞ በዓረፍተ ነገሩ ነው።

ተርጓሚዋ፦ ኦኮነርም ቢሆኑ ጎረቤት አላዩም አይባልም። የዚያው ሕግ ሌላ ክፍል ስለ መሣሪያ ሽያጭና ዝውውር ሲያወራ ይህንኑ ‹ዩዝ› የሚለውን ቃል ስለሚጠቀም፣ መገበያየትም እዚያው ይካተታል ብለው ተከራክረዋል። ሁለቱም ጎረቤት ጠርተው በተቃራኒው ከፈረዱ፣ ጎረቤት ዳኛ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

መምህሩ፦ ለኦኮነር ፍትሕ ስላደረግሽላቸው ደስ ብሎኛል፣ እውነትም አይተዋል። ልዩነቱ ግን ርቀት ነው። እሳቸው ከሌላ አንቀጽ ዘመድ ጠሩ፤ ስካሊያ እዚያው ቤት የተቀመጠውን ጠየቁ። ተራ ተናጋሪ ቃልን የሚረዳው በቅርቡ ባለው ነው፤ ሕግ ደግሞ ለተራ ሰው ማስጠንቀቂያ ነውና የተራውን ሰው አረዳድ ማክበር ይገባዋል። የሩቁን መንገድ የያዘ ፍርድ የት እንደሚያደርስ በ2007 ታየ። አንድ ሌላ ሰው ዕፅ ሰጥቶ በምትኩ ሽጉጥ ተቀበለ። ያው ልውውጥ፣ ከወዲያኛው ጎን። ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ‹የተቀበለው ሰው አልተጠቀመም› አለ። መሣሪያ የሰጠው ተጠቀመ፣ የወሰደው አልተጠቀመም! ያኔም ዳኞቹ የተደገፉት ሰው በተለመደው አነጋገር እንዲህ አይልም በሚለው ላይ ነበር። ያ አነጋገር በ1993ም ነበረ።

ተርጓሚዋ፦ አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ አለኝ፣ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። ይሆሹዋ ባርሂሌል የተባለው የእስራኤል ፈላስፋ በ1960 ማሽን በትክክል ሊተረጉም አይችልም ብሎ ሲከራከር ‹ፔን› የሚለውን ቃል ነው የጠቀሰው። ቃሉ ብዕርም ነው፣ ሕፃን የሚጫወትበት በረትም ነው። የልጁ የመጫወቻ ሣጥን ‹ፔን› ውስጥ ነው ቢባል፣ ከጎረቤት ቃላቱ አንዳቸውም ‹በረት ነው› አይሉም። የሚያውቀው ሣጥን ብዕር ውስጥ እንደማይገባ የሚያውቅ ሰው ነው። እንግዲህ ጎረቤት ቃላት አይበቁም።

መምህሩ፦ አይበቁም። ዛሬ ያሉት የትርጉም ማሽኖች ቃልን ከብዙ ጎረቤቶቹ ጋር ማየት ስለጀመሩ ከድሮዎቹ እጅግ ተሻሽለዋል፤ ያ ባርሂሌል ካሰበው በላይ ርቆ ሄዷል። ነጥቡ ግን ለእኔና ለአንቺ ይሠራል። የቃል ባልንጀራ ሌላ ቃል ብቻ አይደለም፤ የሚነገርለት ነገር ራሱ ባልንጀራው ነው። ተርጓሚ ‹ረን›ን ከማወቁ በላይ ባንክን ማወቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው። የአንቺን ሁለተኛውን ‹ረን› እንይ። በመስከረም 2007 እንግሊዝ አገር ኖርዘርን ሮክ በሚባለው ባንክ ቅርንጫፎች ፊት ሰዎች ገንዘባቸውን ለማውጣት እግረኛ መንገዱ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ወረፋ ነበር፣ በትዕግሥት የቆመ ወረፋ፤ ስሙ ግን ‹ረን› ተባለ። በመጋቢት 2023 አሜሪካ ሲሊከን ቫሊ ባንክ ላይ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ይውጣልን የሚል ጥያቄ ሲወርድበት ወረፋውም ያን ያህል አልታየም። ብዙዎቹ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በስልካቸውና በኮምፒውተራቸው ነው ያዘዙት። ያም ‹ረን› ነው። በመጀመሪያው ቆመዋል፣ በሁለተኛው ተቀምጠዋል። ታዲያ ‹ረን› ያደረገው ምንድን ነው?

ተርጓሚዋ፦ ገንዘቡ ነዋ፤ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ አይቆምም። ፍሬ ሐሳቡ ያሉት እዚህ ጋ ገባኝ። በአማርኛ ግን ‹ገንዘቡ ፈሰሰ› ብል አንባቢ ባከነ ብሎ ይረዳዋል። ‹ሩጫ›ም አይሆንም፣ ‹ወረፋ›ም ሁለተኛውን ባንክ ይስታል። ‹ገንዘብ የማውጣት ሽሚያ› ብለውስ?

መምህሩ፦ ሽሚያ! ሰው የሚሻማው ለሁሉ በማይበቃ ነገር ነው። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ አብዛኛውን አበድሮታል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ቢመጣ አይበቃም፣ የቀደመ ያገኛል፣ የዘገየ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሰው የሚጣደፈው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ቃልሽ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ምክንያቱን ይናገራል። ለቆመውም ለተቀመጠውም ይሆናል። አራተኛውስ፣ የኮምፒውተሩ?

ተርጓሚዋ፦ ‹ሌሊቱን ሙሉ ሠራ› ብዬ ነበር፣ ግን ቀዘቀዘብኝ።

መምህሩ፦ ማሽኑ ምን ሲሠራ ነበር ይላል ጽሑፉ?

ተርጓሚዋ፦ የሚወጣውን ገንዘብ ሲመዘግብ።

መምህሩ፦ እንግዲያው ‹ሲመዘግብ አደረ› በይዋ። መቀጠሉን ‹አደረ› ይይዝልሻል።